ከላይ እሳት፥ ከታች እሳት

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ፍቅር፥ እንዲሁም ስለ ካፌው ወጥ ቅጥነት ብዙ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ስለ ኬክ ልንጽፍ ተነሥተናል። «ሌላ ጉዳይ ጠፍቶ ነውን?» የሚለን አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም እጃችን ዱቄት ሳይነካ በፊት እንዲሁ እንል ነበርና። የሆነ ሆኖ ነገሩ ከፈተና ይልቅ አስጨንቆናል፤ ስለዚህ እንደ ሆነው አድርገን እናወራዋለን።

እኛ ማለት ሦስት ነን። አንዳችን አራት ኪሎ ኬሚስትሪ፥ አንዳችን አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና፥ አንዳችን ስድስት ኪሎ ታሪክ እንማራለን፤ ስንደመር ዐሥራ አምስት ኪሎ ነን ማለት ነው። የምንኖረው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ፥ ከአንዲት ባልቴት በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ባልቴቷን «እማማ» እንላቸዋለን። እማማ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሐበሻ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የብዙ ሙሽራ ቀሚስ ከእጃቸው ወጥቷል። ኋላ ግን ዐይናቸውን ሞራ ጋረደውና የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ሲላቸው ሥራውን ተዉት። እኛ የምንተኛባት ክፍል የስፌት ክፍላቸው ነበረች። ለእኛ ያከራዩአትም መስፋት ስላቃታቸው ነው።

የስፌት መኪናቸው፥ ወርቅማ ሐረግ የተሣለበት ጥቁር ሲንጀር፥ ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለው ከክፍላችን ጥግ ጨርቅ ለብሶ እንደ ቆመ ቀርቷል። (ሲንጀር የመኪናውን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ የታሪኩ ተማሪ ይህን ሳይነግራችሁ አይተኛም።) እኛም በገባን በሳምንቱ መጻሕፍታችንን ጫንበት። ካልኩለሱ፥ የላቦራቶሪው ደብተር፥ የፎቶ ኮፒው ክምር እየተደራረበ ሄደና ከጊዜ በኋላ ከሥሩ ምን እንዳለ ዘነጋነው፤ «ጠረጴዛው» እንለው ጀመር።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር የሁለት ወር ኪራይ ነበረብን። እማማ አንድም ቀን አላነሡብንም። ጧት ጧት በራችንን መታ መታ አድርገው «ቁርስ ሳትቀምሱ እንዳትወጡ» ይሉናል፥ ከዚያ ይሄዳሉ። ቢጮኹብን በተሻለን ነበር። በመጨረሻም የአንዳችን አጎት ገንዘብ ላከና ከፈልን፤ ከፍለን ስናበቃ ግን ዕዳው ያለቀ አልመሰለንም። አንድ ነገር ልናደርግላቸው አሰብን። ነጠላ እንዳንገዛ፥ ለስፌተኛ ነጠላ መስጠት ለዓሣ ውሃ እንደ መስጠት ነው። እንዲህ ስንል ስንመክር ነው ኬኩ የመጣው።

ዛሬ በከተማችን በሠርግና በምረቃ ላይ ኬክ ኬክ መስሎ መቅረቡን ትቷል። ጀበና ይመስላል፥ መሶብ ይመስላል፥ የተከፈተ መጽሐፍ ይመስላል። የተመራቂ ቆብ የሚመስለውንስ ያላየ ማን አለ? እኛ ቆቡን አንወደውም፤ የአንዱ ከሌላው አይለይምና የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ኬክ ሌላ ነገር እንዲመስል ከተደረገ የሚቀበለውን ሰው መምሰል አለበት ባዮች ነን። ስለዚህ የእማማ ኬክ የስፌት መኪና እንዲሆን ተስማማን። ኬክ ቤት ሄደን ዋጋ ብንጠይቅ የተነገረን ገንዘብ ሌላ የሁለት ወር ኪራይ ሆነ። «እንግዲያው በቤት እንሥራው» ተባለ።

የመጀመሪያው ችግር የቀን መቁጠሪያው ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ቀን፥ ገቡ። ሁለታችን ኦርቶዶክስ፥ የምህንድስናው ተማሪ ደግሞ እስላም ነው። ቀኑን ለመጋቢት 20፥ ለዐርብ፥ ቆርጠን ነበር፤ በዚያ ቀን እማማ ጧት ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሚመለሱት ከቅዳሴ በኋላ፥ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ኬኩ ያለ እንቁላል፥ ያለ ወተት፥ ያለ ቅቤ መሠራት አለበት፤ ሠሪዎቹም ሦስቱም ጾመኞች ናቸውና «ጨው በዛበት ወይስ አነሰ?» ብሎ ጣት ነክሮ የሚልስ አንድ ሰው በቤቱ የለም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ወጥ የሠራ እንኳ እንዳለ እንጃ።

ያለ እንቁላል ኬክ መጋገር ግን አዲስ ነገር አይደለም። የኬሚስትሪው ተማሪ እንደ ገለጸልን፥ እ.ኤ.አ. በ1843 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ በርድ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ፥ ሚስቱ እንቁላልም እርሾም የማይስማማት ሴት ስለ ነበረች፥ ለእርሷ ሲል ቤኪንግ ፓውደርን ሠራ። እኛ የመረጥነው መንገድ ከዚያም የቀለለ ነው፤ ሶዳና አቼቶ። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ አየር ይወጣል፤ ያም አየር ሊጡን ያነሣዋል። ልኩ ለ3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት 2 ኩባያ ስኳር፥ 6 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፥ 2 የሻይ ማንኪያ ሶዳ፥ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፥ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፥ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዘይትና 2 ኩባያ ውሃ ነው። ዘይቱ የሱፍ ይሁን። የኑግ ዘይት ያገኘን እንደ ሆነ ኬካችን ወጥ ወጥ ይላል። አቼቶው ከገባ በኋላ ቆሞ ማውራት የለም፤ አየሩ ወዲያው ማምለጥ ስለሚጀምር ሊጡ በቶሎ እሳት ማየት አለበት።

በዚህ ልክ ሳምንት ቀደም ብለን ሞከርነው። ኬኩ በመጀመሪያ በኩራት ተነሣ፥ ከጠርዙም አለፈ፤ እኛም ተጨባበጥን። ከዚያ በዐይናችን ፊት መካከሉ ሰመጠ። ገደል ሆነ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ውሃ እንኳ በእኛ ዘንድ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ልኩን የጻፉት ሰዎች ቆላ ናቸው። በደጋ አየሩ ሊጡን ከልክ በላይ ይነፋዋል፥ ግድግዳው ሳይጠነክር ይፈነዳና ይወድቃል። ስለዚህ ሶዳውን ወደ አንድ ማንኪያ ተኩል ዝቅ አደረግን፥ ከስኳሩ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀነስን፥ ውሃው ቶሎ ስለሚተን ያንኑ ያህል ውሃ ጨመርን፥ እሳቱንም ከ180 ዲግሪ ጥቂት ከፍ አደረግን። የኬሚስትሪው ተማሪ በአራት ዓመት ትምህርቱ ጥቅም ሲያገኝ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው ብንል ይቆጣል፤ ግን እውነት ነው።

ዐርብ ዕለት እማማ እንደ ወጡ ወጥ ቤት ገባን። (የማን ክፍለ ጊዜ እንደ ቀረ አንናገርም፤ ይህን መጽሔት መምህራንም ያነቡታል።) እማማ ልጃቸው ከዓመታት በፊት የገዛችላቸው የኤሌክትሪክ ኦቨን አላቸው፤ እንደ ብዙ ቤት ሁሉ ግን የመጥበሻና የክዳን ቁም ሣጥን ሆኖ የኖረ ነው። መጥበሻዎቹን፥ ሁለት ሰፋፊ ክዳኖችን፥ አንድ የጠፋ ወንፊትና የ2009 ዓ.ም. የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አወጣንና ለኮስነው። የመጀመሪያው ኬክ፥ ለመኪናው ወለል የሚሆነው፥ ደህና አድርጎ ወጣ። ሁለተኛው ገባ። የምህንድስናው ተማሪ ለጁምዓ ሶላት ሊሄድ ተነሣና «እስክመለስ አደራ!» ብሎ ወጣ። በሩን ሳይዘጋው መብራት ሄደ።

መብራት በሄደ ቤት ውስጥ ያለ ግማሽ ጥሬ ኬክ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ይወቅ፤ ሙቀቱ እየወረደ በሄደ መጠን ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ሁለታችን ተያየን። መቼ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? ያን ጊዜ የታሪኩ ተማሪ እናቱ ለጥምቀት ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ትዝ አለው፤ «ከላይ እሳት፥ ከታች እሳት!» ብሎ ጮኸ። ሮጠን የከሰሉን ምድጃ አቀጣጠልን። በሰፊው የብረት ድስት ወለል ላይ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አኖርን፥ የኬኩን መጋገሪያ በድንጋዮቹ ላይ አስቀመጥን፥ ክዳኑን ገጥመን በክዳኑ ላይ ፍም ደረደርን። ኮባ ግን አልነበረንም። ግማሽ ሰዓት ያህል ከጭሱ ጋር ስንታገል ቆይተን ብንከፍተው፥ ምስጋና ለእናቱ ይሁን፥ በስሏል። ሥሩ ዐርሯል፥ ግን በስሏል። የጠቆረውን ቆርጠን ጣልነውና የተረፈውን ፈርፍረን ለክንዱ አቆየነው።

ክንዱ ነው ያደከመን። የስፌት መኪና ሲያዩት ቀላል ነው፤ ወለል አለው፥ ከዳር አንድ ምሰሶ ይቆማል፥ ከምሰሶው ላይ ክንድ በአየር ይዘረጋል፥ በክንዱ ጫፍ ራሱና መርፌው አለ። ከሶላት የተመለሰው መሐንዲሳችን ግን እጁን አጣጥፎ «ይህ አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ወጋግራ ነው፤ ኬክ ደግሞ መሳብ አይችልም» አለን። አጥንት ያስፈልገዋል ማለቱ ነው። አጥንት ፍለጋ ወጥ ቤቱን አሰስንና ከእማማ ማማሰያዎች ሁለቱን ወሰድን። አንዱን በሽንኩርት መክተፊያው ላይ ከሥር በሚስማር አቆምነው፥ ሌላውን በላዩ አጋድመን በክር አሰርነው። ክሩም ከመኪናው መሳቢያ የወጣ የእማማ ክር ነበር፤ መሳቢያውን ስንከፍት መጻሕፍቱን እንኳ አላነሣንም፥ በጎን ነው የሳብነው። በዚህ አጥንት ላይ ፍርፋሪውን በወፍራም የስኳር ሽሮፕና በተወቀጠ ኦቾሎኒ ለውሰን እንደ ጭቃ መረግነው።

ለልብሱ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፎንዳንት የሚባል የስኳር ሊጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጄላቲን ይገባበታል፥ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነውና ለጾም አይሆንም። እኛ ስኳሩን በቡና ሙቀጫ ወቅጠን በወንፊት ነፋነው፥ ከላመ ኦቾሎኒና ከካካዎ ጋር አዋሕደን በትንሽ ሽሮፕ እያሸን ጥቁር ሊጥ አደረግነው፥ በጠርሙስም ዳመጥነው። ደህና አድርጎ ይሳባል። የማይሸፍነው ጉድ የለም፤ የተሰነጠቀው፥ የዘመመው፥ የዐረረው ሁሉ ከሥሩ ቀረ። ሥዕሉን በእጅ ስልክ ካገኘነው አንድ ጥሩ የሲንጀር ፎቶግራፍ እያየን ሠራን፤ መዘውሩ በስተ ግራ፥ መርፌው በስተ ቀኝ። ወርቁን ከእርድና ከስኳር በጠብታ ውሃ በጥብጠን በስቴኪኒ ጻፍነው፤ የፋብሪካው ስም በሚጻፍበት ቦታ «እማማ» አልንበት። እውነቱን ለመናገር አማረብን።

8 ሰዓት ላይ የክንዱ ጫፍ በስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራሱን ዝቅ ዝቅ ያደርግ ጀመር። መሐንዲሱ ስሌቱን ደገመው፥ ስሌቱ ትክክል ነው አለ፥ ክንዱ ግን መውረዱን አልተወም። በመጨረሻ የታሪኩ ተማሪ የሸምበቆ ቁራጭ አምጥቶ በመርፌው ቦታ ከሥሩ ተከለለት፤ ቆመ። መሐንዲሱ እስከ ዛሬ ይህን «ጊዜያዊ ድጋፍ» ነው የሚለው።

ከተረፈው ሊጥ ትንንሽ ኬኮች በሲኒ ጋገርን። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ትንሽ ኬክ በሲኒ ስም የሚጠሩት አንዳንዱ በሲኒ ይጋገር ስለ ነበር ነው ይላል፥ አንዳንዱ ደግሞ ዱቄቱ በሲኒ ይሰፈር ስለ ነበር ነው ይላል። እኛ የቡና ሲኒ ነው የተጠቀምነው። አንዱ ሲኒ ተሰነጠቀ። ፊታቸውን በጥቁር ሊጥ ሸፍነን አራት አራት ቀዳዳ ስንወጋባቸው የልብስ ቁልፍ ሆኑ፤ በመኪናው ዙሪያ በተንናቸው።

እማማ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። መጀመሪያ ያሉት «ምን ዐረረ?» ነው። እኛ ምንም ሳንል ወንበር ሰጠናቸውና መክተፊያውን ከፊታቸው አኖርነው። በዚያች ደቂቃ የገባንን ፍርሃት ከዚህ በፊት አላሰብነውም ነበር። መስፋት ያቃታቸውን ሰው በስፌት መኪና ደስ ልናሰኝ ነው? ያጡትን ነገር በስኳር ሠርተን ልንሰጣቸው? አንዳችን «እማማ፥ ስጦታ ነው» ለማለት ጀመረና ድምፁ ጠፋው።

ዐይናቸው የነገሩን ጥላ እንጂ ነገሩን አያይም፤ ስለዚህ እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው ከምሰሶው ተነሥቶ በክንዱ ላይ ሄደ፥ ወደ መርፌው ወረደ፥ ሸምበቆዋን ነካ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ምን እንደ ሆነ ዐውቀውታል። ከዚያ ቀኝ እጃቸው በራሱ ልማድ ወደ ቀኝ ተዘረጋና መዘውሩን ፈልጎ አየር ጨበጠ። እንደ ገና ፈለገ። በግራ በኩል አገኙት።

«ልጆቼ» አሉን፤ «እኔን ከመኪናው ጀርባ ነው እኮ ያስቀመጣችሁኝ።»

ፎቶግራፉ ከጀርባ የተነሣ ነበር። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳምንት ሙሉ ስንመለከተው ይህን አላስተዋልንም። እማማ መክተፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዞር አደረጉትና መዘውሩ በቀኛቸው ሆነ። «አሁን መኪና ነው» አሉ። የእርዱ ወርቅ፥ «እማማ» የሚለው ጽሕፈት፥ ወደ እኛ ዞረ። እጃቸውን በመዘውሩ ላይ አድርገው እንደ ቀድሞው ወደ እርሳቸው ገፋ ቢያደርጉት ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ። ያን ጊዜ ሳቁ፤ እኛም ትንፋሻችን ተመለሰ።

ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን አንድ ነገር ጠየቁን። «የእኔስ ደህና ናት? ተከራይ ያለበት ክፍል አይገባም ብዬ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋት።»

መልስ አልሰጠንም። መኪናዋ ከተቀመጡበት ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ነበረች፥ ከካልኩለሱ ሥር። ሦስታችንም ወደ መሬት አየን። እርሳቸውም ደግመው አልጠየቁም።

ቢላዋ አቀረብን። እማማ የዚያን ዕለት ጾም መፍቻቸው ሰዓት አልፏል፤ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ነገር ግን ወደ መሐንዲሱ ዞረው «አንተ የምትፈታው መቼ ነው?» አሉት። «12 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው» ቢላቸው ቢላዋውን አስቀመጡት። «ያቦካው ሳይቀምስ አንቆርስም» አሉ። ለመንናቸው፥ እርሱም ለመናቸው፤ አልሰሙንም። ስለዚህ መብራት እስኪመጣና ፀሐይ እስክትጠልቅ በኬኩ ዙሪያ ተቀምጠን ቆየን። ስለ ሙሽሮች አወሩልን፤ ቀሚሷ ከተሰፋ በኋላ ሐሳቧን ስለ ለወጠች አንዲት ልጅ አወሩልን፤ ክንዱም ሳይወድቅ ጠበቀን። መብራቱ 12 ሰዓት ላይ መጣ። አዛን ሲሰማ መሐንዲሱ በቴምርና በውሃ አፈጠረ፥ ሰግዶም ተመለሰ። ከዚያ ቆረሱልን።

ኬኩ ቡና ቡና ይላል፤ ከሙቀጫው ነው። ጨውም አንሶታል። እማማ አንድ ቁልፍ ጨርሰው ሁለተኛ አነሡ። ወደ ክንዱ ሲደርሱ ቢላዋው ቋ! አለ፤ ቆፈር ቆፈር አድርገው አወጡትና በጣታቸው ዳሰሱት። «ማማሰያዬን!» አሉ፤ «ከጧት ጀምሮ የት ገባ እላለሁ!» ሁለተኛው መኖሩን ያን ማታ አልነገርናቸውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ መጻሕፍቱን አነሣን። አሁን ከአልጋ በታች ናቸው፥ የታሪኩም ፎቶ ኮፒ በላስቲክ ታስሯል። ጨርቁን ገፈን አቧራውን ጠረግንና እማማን በእጃቸው ይዘን አመጣናቸው። ተቀመጡ፥ እግራቸው መርገጫውን ራሱ አገኘው፥ ቀኝ እጃቸው መዘውሩን ያዘ። መዘውሩ ግን ደርቋል፤ ቢገፉት ሲጢጥ አለ እንጂ አልዞረም። «ዘይት ጠምቷታል» አሉ። የኬሚስትሪው ተማሪ ፈጠን ብሎ ከኬኩ የተረፈውን የሱፍ ዘይት ይዞ መጣ። እማማ በሽታው ዐውቀውት እጁን መታ አደረጉት።

«የመኪና ዘይት ነው እንጂ፥ አንተ! ይኼ ይገግርና ጭራሽ ያጣብቃታል» አሉት፤ ከዚያም ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሰጡት፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ላኩት።